ተራራውን ከመገዝገዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የባላክላቫን የሰርጓጅ መርከብ ዋሻ በሞዴል ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አጥቼ ተቃጥያለሁ።

የተደበቁ የባሕር ኃይል ጣቢያዎች ሞልተዋል። ስዊድኖች ሙስኮ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1969 ዓለት ሲፈለፍሉ ኖረዋል። ኖርዌይ ደግሞ ትሮምሶ አጠገብ ኦላቭስቨርን አላት። ስንት ምስጢር የተጠበቀበት ቦታ በኋላ እንደ ያገለገለ ሶፋ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ወጥቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። እኔ ባላክላቫን የመረጥኩት ዛሬ ሙዚየም ስለሆነ ነው። ፎቶውም ልኬቱም እንደ ልብ ይገኛል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ክራይሚያ ውስጥ፣ ባላክላቫ አጠገብ ታቭሮስ የሚባል ተራራ አለ። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ሆዱን ፈልፍለው የውኃ መተላለፊያ፣ የመርከብ መጠገኛ ደረቅ ዶክና የጦር መሣሪያ ማከማቻ አበጁበት። ዓለቱ አስቸጋሪ ስለነበር የሜትሮ ዋሻ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ተጠሩ። ፍርስራሹን በሌሊት ጭነው ባሕር ውስጥ ይደፉት ነበር። ምክንያቱም ያን ጊዜ የአሜሪካው ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ከላይ ያያል። አዲስ የድንጋይ ክምር ካየ ደግሞ ከሥሩ ጉድጓድ እንዳለ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለእኔ የዚህ ሥራ ጥበብ ቁፋሮው አይደለም፤ መደበቁ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያናደደኝ ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስኬሉ 1፡700 ነው፤ በእውኑ ዓለም 700 ሜትር የሆነው እዚህ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከ500 ሜትር በላይ የሆነው የውኃ መተላለፊያ ከ70 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በልጦ ይወጣል። ፕሮጀክት 613 የሚባለው ሰርጓጅ በእውኑ ዓለም 76 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተራራው ፎም ነው፣ ላዩ ጀሶ። የመብራቱን ሽቦ ከመዝጋታችሁ በፊት አስገቡ።

ውኃው ሬዚን ነው፤ ፈስሶ የሚደርቅ ግልጽ ፕላስቲክ ማለት ነው። መመሪያው ላይ «በአንድ ጊዜ አፍስሱ» ይላል። አትስሙት። በስስ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን። ግድግዳውንም ከውኃው መስመር በላይ ሰም ቀቡት፤ አለዚያ ሬዚኑ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት አትበሉ። በዚህ ስኬል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ማዕበል ናት፣ ያውም ዋሻ ውስጥ።

ከሁሉ የምኮራው በመግቢያው ነው። እውነተኛው መግቢያ በመረብና በልዩ ልዩ መሸፈኛ ተከልሎ ነበር። እኔ ፋሻ ቀለም ነክሬ መረብ አደረግሁት። ብዙ ሰው በሩን የዓለት ቀለም ከቀባ የጨረሰ ይመስለዋል። ጉድጓድን የሚያሳብቀው ግን ቀለሙ አይደለም፤ ጥላው ነው። መረቡ መጥቀም ያለበት የጥላውን ጠርዝ ለመቆራረጥ ነው። ዩ-2 ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚበረው። በ1፡700 ስናሰላው 30 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሞዴሉን ግቢ አስቀምጬ አሥረኛ ፎቅ ላይ ወጣሁና በስልኬ አጉልቼ ፎቶ አነሳሁት። መግቢያው የቱ ጋ እንደሆነ እያወቅሁ እንኳ ፈልጌ አጣሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ከዚያ ለአንድ የሞዴል ኤግዚቢሽን አስመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። ከአዘጋጅ ኮሚቴው መልእክት መጣ፤ «የሥራው ዋና አካል ከፊት ለፊት ስለማይታይ አንቀበልም» ይላል። ደወልኩ።

«ሰርጓጁ የቱ ጋ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«ውስጥ ነው።»

«ካልታየ መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

ወንድሜ፣ ጣቢያው የተሠራው እኮ አንተ እንዳታውቅ ነው! ይህን ስለው ዝም አለ። ቀጥሎ ደንቡን አነበበልኝ። ተራራው ውስጥ ትንሽ ካሜራ ላስገባና ስክሪን ላይ ይታይ አልኩት። ስክሪን ያለው ሥራ በሌላ ምድብ ነው አለ፤ የዚያኛው ምዝገባ ደግሞ አልቋል። ከጀርባ መስታወት ላቁምስ? መስታወት የሥራው አካል አይደለም። የቀረው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር። «ለምን አትቆርጠውም?» አለኝ፣ ዳቦ ይመስል።

ቆረጥኩት።

አሁን ጠንቅቃችሁ ስሙኝ። ፎም፣ ጀሶና ሬዚን በአንድ መጋዝ አይቆረጡም። ፎሙ በአንዴ ይበላል። ጀሶው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ የደከምኩበትን መግቢያ ይዞት ሄደ። ሬዚኑ ደግሞ በመጋዙ ሙቀት ይለሰልስና ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። የፎሙ ብናኝ የለሰለሰው ውኃ ላይ እየተለጠፈ ጥቁር ባሕርን በረዶ የጣለበት አስመሰለው። በብሩሽ ብትሉት አይለቅ፣ በአልኮል ብትሉት ይደበዝዛል።

ከዚህም የባሰ አለ። የባላክላቫ መተላለፊያ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይታጠፋል። የፍንዳታ ማዕበል በቀጥታ ዘልቆ እንዳይገባ ማጠፍ ይረዳል፤ ጣቢያው 100 ኪሎ ቶን የሚሆን የኑክሌር ጥቃት እንዲቋቋም ነበር የታሰበው። መጋዝ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ መተላለፊያው ውስጥ ገባ፣ መሐል ላይ ወጥቶ ባዶ ፎም ቆረጠ፣ ከዚያ በሌላው ጫፍ ተመልሶ ገባ። ሰርጓጁ ያለው መሐል ላይ ነው። ተራራ ተገዝግዞም ሰርጓጁ አልታየም! መሐሉን በቢላ ፈልፍዬ ነው ያወጣሁት፤ በሂደቱም ማማው ተሰበረ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ቀረበ። ዳኞቹ ምን ብለው ነጥብ ቀነሱ መሰላችሁ? «መግቢያው ተፈጥሯዊ አይመስልም።» የሰነጠቃችሁብኝ እናንተ!

ምክሬ ይኸው ነው። ውስጡን ማሳየት የግድ ከሆነባችሁ፣ ከመጀመሪያው ተራራውን በሁለት ግማሽ ሥሩት፤ መለያያውም የመተላለፊያውን ኩርባ ተከትሎ ይሂድ። ሬዚኑን የምታፈስሱት ሁለቱ ግማሾች ለየብቻ ከቆሙ በኋላ ይሁን። ልምድ ያላቸው ሰዎች «ሠርተህ ጨርስና ቁረጥ፣ ጠርዙ ይጠራል» ይሏችኋል። ምናልባት ለቀጥተኛ ዋሻ ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። የኮሚቴውንም ደንብ በስልክ አትቀበሉ። በጽሑፍ ጠይቁና ምድቦቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ወታደራዊ ሞዴል የግድ በወታደራዊ ምድብ ይመዝገብ ይላሉ። እኔ አላምንበትም።

ሁለተኛ ሠርቻለሁ። አልተቆረጠም፣ አይቆረጥምም። ዘንድሮ በመልክዓ ምድር ምድብ አስመዘገብኩት። ቅጹ ላይ «የሥራው ዋና አካል» በሚለው ቦታ «ተራራ» ብዬ ሞላሁ። ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበሉት።