የእናቴ ነጠላ ለምን ግራጫ ሆነ?

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ለጥምቀት ከካናዳ መጥቶ ነበር። የፋሲለደስ መዋኛን ውሎ በአይፎኑ ቀርጾ «ለእናትህ» ብሎ ፋይሉን ትቶልኝ ሄደ። 22 ደቂቃ ናት፤ ግን 9 ጊጋባይት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሳሎን ጥግ ሰርቨር ያደረግኋት አሮጌ ላፕቶፕ አለችኝ። እሷ ላይ ጫንኩትና በጄሊፊን፣ የራስን ቪዲዮ ከሰርቨር ወደ ቲቪ በሚያቀብል ፕሮግራም፣ ለእናቴ ከፈትኩላት። በቤታችን ራውተር ብቻ ስለሚሄድ ፓኬጅ አይበላም።

እናቴ ትንሽ አየችና «ምነው ነጠላዬ ላይ አመድ ነፋችሁበት?» አለች።

እውነቷን ነው። ነጠላው ግራጫ፣ ጥለቱ የደበዘዘ። የካህናቱ ቀይ ከፋይ ጥላ ሳይቀር ስንት ዓመት ፀሐይ የመታው መጋረጃ መስሏል። ቲቪው አርጅቷል ብዬ ላልፈው ነበር። ስልኩ ላይ ግን ሲያሳየኝ እኮ ያብረቀርቅ ነበር!

ነገሩ ቪዲዮው ኤችዲአር መሆኑ ነው፤ ከተለመደው የሰፋ ብርሃንና ቀለም የሚይዝ አቀራረጽ። የተለመደው ቪዲዮ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ አለው፤ ይሄ በ10 ቢት 1,024። የቀለሙ ስፋትም ሌላ ነው፤ ሬክ 2020 ይሉታል። የእናቴ ቲቪ የሚያውቀው የድሮውን ጠባቡን፣ ሬክ 709ን ነው። የሰፊውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በጠባቡ ሲያነበው ቀለሙ ይከሳል። በቁና የተሰፈረ ጤፍ በጣሳ ቆጥሮ እንደ መረከብ ማለት ነው።

ስለዚህ መሀል ላይ የሚተረጉም ያስፈልጋል። ቶን ማፒንግ የሚሉት እሱን ነው። ጄሊፊን ላይ አበራሁት። ላፕቶፗ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸች። በሰከንድ 60 ምስል ማድረስ ሲገባት የምታወጣው 3 ብቻ ነው። 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ናት፤ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲን (ስልኩ ቪዲዮውን ያመቀበትን ዘዴ) በግራፊክስ ቺፓቸው አሟልተው የሚፈቱት ከ7ኛው ወዲህ ያሉት ናቸው። አንድ ትውልድ! ሸክሙ ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር፣ ሲፒዩው ላይ ወደቀ።

ጓሮ ያለው የእህቴ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኤችዲአር የሚችል ቲቪ አለ። እዚያ መተርጎም አያስፈልግም፤ ሰርቨሯ ፋይሉን እንዳለ ታቀብላለች፣ ቲቪው ራሱ ይፈታዋል። ግን ዋይፋዩ ይቆራረጣል። ይህ ፋይል በደቂቃ ወደ 400 ሜጋባይት ይበላል፤ በሰከንድ ከ50 ሜጋቢት በላይ ማለት ነው። የአባቴ የድንጋይ ግድግዳ ያን አያሳልፍም። በመስኮት የኔትወርክ ኬብል ጎትቼ ሰካሁት። የቲቪው ሶኬት 100 ሜጋቢት ብቻ ቢሆንም በቂ ነው።

አይ፣ ያን ጊዜ ያየሁት! የጥላዎቹ የወርቅ ክር ፀሐይ ሲነካው ብልጭ ይላል። በመዋኛው አጥር ላይ የተጠመጠሙት የዋርካ ሥሮች ሥር፣ ሳሎን ላይ ጥቁር ብቻ በነበረው ጥላ ውስጥ፣ ሦስት ልጆች ተቀምጠው ሸንኮራ ይበላሉ። (ቲቪ የምትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር የተጻፈበት ሁሉ ብርሃኑ አለው ማለት አይደለም፤ ምልክቱን መቀበል ብቻ የሚችልም አለ።)

እናቴ ጓሮ ድረስ ሄጄ ቲቪ አላይም አለች። ሳሎኗ ሳሎኗ ነው። ስለዚህ ለእሷ ሌላ ቅጂ በሌሊት ለመሥራት ወሰንኩ፤ ቪዲዮ በሚቀይረው ፕሮግራም፣ በኤፍኤፍኤምፔግ። አንዲት ነገር ጠቀመችኝ፦ መጀመሪያ ምስሉን ከ4ኬ ወደ 1080 አሳንሶ ከዚያ ቀለሙን መተርጎም። ፒክስሉ ሩብ ስለሚሆን ከ3 ምስል ወደ 8 ከፍ አለች። ያም ሆኖ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መሀል ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፗ ባትሪ እንዴት እንደያዘ እኔም ገርሞኛል፤ ሃያ ደቂቃ ፋኖስ መስላ ጥግ ላይ ስትሠራ ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር።

ጠዋት ቡና ላይ ከፈትኩላት። ነጠላው ነጭ ሆኗል። የጓሮውን ያህል አያብረቀርቅም፤ እሷ ግን ጓሮውን አላየችም። ጠጋ ብላ ጥለቷን አየች።

«እሰይ! በል ድምፁን ጨምር፣ መዝሙሩ አይሰማም።»