ፎርማት ሳላደርግ ያስነሣሁት ኮምፒውተር

የታላቅ እህቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ የሚያዝበት የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር አፕዴት እየጫነ ሳለ መብራት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ መግቢያው ገጽ ላይ ሳይደርስ እየጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር። የተጠየቀው የጥገና ባለሙያ ያቀረበው መፍትሔ ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነበር። የደንበኞች የዱቤ መዝገብ ግን ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ሥራውን ራሴ ያዝሁት።

ዊንዶውስ አዲሶቹን ፋይሎች አስቀድሞ ያዘጋጅና፣ በሥራ ላይ ያሉትን የመተካቱን ተግባር ገና እንደሚቀር ሥራ መዝግቦ፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋና ሲነሣ ይፈጽመዋል። ኤሌክትሪክ በዚህ መካከል ከተቋረጠ ሥርዓቱ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ በተነሣ ቁጥርም የቀረውን ሊጨርስ ሲሞክር እዚያው ላይ ይወድቃል። ይህ ማለት ዲስኩ ጤነኛ፣ ሰነዶቹም ያልተነኩ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ ፎርማት የመጀመሪያ መፍትሔ ሆኖ መቅረቡን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው የጥገና ገጹን ራሱ ይከፍታል። ካልከፈተ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ በሌላ ኮምፒውተር የዊንዶውስን መጫኛ ፋይል አዘጋጅቶ ከዚያ ማስነሣት ይቻላል። እኔ በጥገናው ገጽ ትራብልሹት፣ ቀጥሎም አድቫንስድ ኦፕሽንስ በሚለው በኩል ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፈትሁ። ከማናቸውም ጥገና በፊት ኖትፓድ የተባለውን ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም በትዕዛዝ አስነሥቼ፣ ፋይል ለመክፈቻ በሚመጣው መስኮት ሁሉም ዓይነት ፋይል እንዲታይ መርጬ፣ የሒሳብ ሰነዶቹን በቀኝ ጠቅታ ወደ ፍላሽ ገለበጥሁ። መስኮቱ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ቢሆንም ቅጂ ለማውጣት በቂ ነው። ዲስኩ በዊንዶውስ የምስጠራ ቁልፍ፣ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር የግድ ያስፈልጋል።

ሰነዶቹ ከዳኑ በኋላ የመነሣት ችግርን ራሱ ፈልጎ የሚጠግነውን ስታርትአፕ ሪፔር የተባለውን ሞከርሁ፤ ችግሩን መፍታት እንዳልቻለ ገለጸ። የመጨረሻውን አፕዴት ለማራገፍ የተዘጋጀው ምርጫም አልተሳካም፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ አሁንም ተመዝግቦ ነበርና። የቀረው የዊንዶውስን ፋይሎች በትዕዛዝ የሚጠግነው ዲስም የተባለው መሣሪያ ነበር። በጥገናው ገጽ የድራይቮች ፊደል ከተለመደው ሊለይ ስለሚችል፣ የፎልደሮችን ዝርዝር በሚያሳየው የዲር ትዕዛዝ የዊንዶውስ ፎልደር ያለበትን ስፈልግ ሲ ሳይሆን ዲ ላይ አገኘሁት። ስለዚህ ዲስም ከሚለው ስም ቀጥሎ፣ እያንዳንዳቸው በስላሽ የሚጀምሩትን ኢሜጅ ከድራይቩ ፊደል ጋር፣ ከዚያም ክሊንአፕ-ኢሜጅ እና ሪቨርትፔንዲንግአክሽንስ የሚሉትን ጻፍሁ። ይህ ትዕዛዝ በጅምር የቀሩትን ለውጦች ወደ ነበሩበት የሚመልስ ሲሆን፣ የታሰበውም መነሣት ላቃተው ሥርዓት ብቻ ስለሆነ በደህና በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሊሞከር አይገባም። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ለውጦቹን እየመለሰ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በዚህ ሰዓት ስክሪኑ የቆመ ቢመስልም፣ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ መታገሥና ማብሪያውን አለመንካት ያስፈልጋል፤ ማጥፋት የመጀመሪያውን ጉዳት ደግሞ መፍጠር ነውና።

መግቢያው ገጽ ከመጣ በኋላ የሥርዓቱን ፋይሎች ኤስኤፍሲ በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ አስመርምሬ የተበላሹትን አስጠገንሁ። ቀጥዬም በዊንዶውሱ ድራይቭ ላይ ያለውን ነጻ ቦታ አየሁ፤ ቦታ ያነሰው ድራይቭ መብራት ባይጠፋም እንኳ አፕዴቱን ሊያሰናክል ይችላል። አፕዴቱን ዳግም የጫንሁት መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ከተገጠመ በኋላ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። ዩፒኤስ ሲመረጥ ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን አብሮ ለምን ያህል ደቂቃ እንደሚሸከም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አነስተኛው ዓይነት ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ቢበቃም አፕዴት እስኪጠናቀቅ ላይቆይ ይችላል።