ዋልካ የሚታረስበት ቀን

ወንድሜ ማክሰኞ ማታ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጅሩ ደውሎ «የትራክተሩ ተራ ሐሙስ ይደርሰናል» አለኝ። ዘንቧል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ኧረ ሌሊቱን ሙሉ!» አለ ደስ ብሎት። እኔን ግን ሆዴን ቆረጠኝ።

የእነዋሪን አካባቢ የሚያውቅ ዋልካችንን ያውቀዋል። ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ልጅ ሆኜ ቢላዋ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶብኝ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ አላገኘሁትም። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ውኃ አላሳልፍ ይላል። ደረቁን ልረስህ ብትለው በሬ ይገድላል፣ ርጥቡን ብትለው ይጣበቅብሃል። በሁለቱ መሀል ያሉት ቀኖች ጥቂት ናቸው።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሁለት ቀን ቆየ። ግንቦት ነበር። ጎበዝነቴን ላሳይ ብዬ በማግስቱ ዳለቻንና ቦራን ጠምጄ ወጣሁ፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና አልጠፈፈም። ጭቃው ድግሩን፣ ከማረሻው ግራና ቀኝ ያሉትን እንጨቶች፣ እየያዘ በየትልሙ መጨረሻ ቆሜ በእንጨት እፍቃለሁ። እርፉን በሙሉ ክብደቴ ብጫነውም ማረሻው መንሸራተት እንጂ መግባት የለም። ቢሆንም ግማሽ ጥማድ ያህል ጨረስኩ፤ ኮራሁም።

አባቴ ሲመለስ ቁጢጥ ብሎ አንድ ጓል አነሣ። «ሸክላ ሠርተሃል» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ፀሐይ አንድ ሳምንት ከመታው በኋላ ጓሉ የሰው ራስ አከለ፤ እኔና ወንድሞቼ በዶማ ስንፈረክስ ከረምን። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ልም አፈር ይፈልጋል። የዚያች ማሳ ጤፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ፤ መንገደኛው ሁሉ ያያታል፣ መንገድ ዳር ነበረቻ!

ከዚያ ወዲህ ነው አባቴ አፈር መጨበጥ ያስተማረኝ። ላይ ላዩን ሳይሆን ስንዝር ያህል ቆፍረህ ታወጣለህ፣ ጨምቀህ ትለቀዋለህ። ወድቆ ከተበተነ ጥመድ። ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ በሬዎቹን ሣር አብላ።

ከተማ ውስጥ «ማረስ መሬት መገልበጥ ነው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የኛ ማረሻ አይገለብጥም፤ ይሰነጥቃል፣ ድግሮቹም አፈሩን ወደ ግራና ቀኝ ገፋ ያደርጉታል። በሁለት ትልም መሀል ሳይነካ የሚያልፈውን ለማግኘት ቀጣዩ እርሻ የፊተኛውን አቋርጦ ይሄዳል፤ አንደኛው ገመሳ፣ ሁለተኛው አይማ፣ ሦስተኛው ስልስ እየተባለ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የሚደርሰውም አንድም ለዚህ ነው። ወደ ጀማ ገደል አፋፍ ያለችው ተዳፋት መሬታችን ላይ ግን ማቋረጥ መዘዝ አለው። አንዱ ዙር ቁልቁል ይወርዳል፣ የክረምት ጎርፍም ትልሙን መንገድ ያደርገዋል። አባቴ እዚያች ላይ የመጨረሻውን እርሻ ምንጊዜም አግድም ነበር የሚጨርሰው።

ሜዳው ላይ ያለው የስንዴ ማሳ ችግሩ ሌላ ነው፣ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ከእርሻው በኋላ እናቶችና ልጆች ጎንበስ ብለን አፈሩን በእጃችን እየዛቅን መደብና ውኃው የሚወርድበት ቦይ እንሠራ ነበር። ከእርሻ ሥራ ሁሉ እንደሱ የጠላሁት የለም። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሁለት ማረሻ አጋጥሞ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። እኛ ቤት ሲደርስ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። ዕድሌ ነው።

ትራክተር አልጠላም። ወንድሜ በአንድ ጧት የሚጨርሰውን እኛ ሳምንት እንለፋበት ነበር። ችግሩ ተራው ነው። ባለትራክተሩ ቀጠሮ የሚይዘው ከሰው ጋር ነው፤ አፈሩ ደረሰ አልደረሰ ጉዳዩ አይደለም። ጎማው ደግሞ ርጥብ ዋልካ ላይ ሲወጣ ከሥር የሚጠቀጥቀውን በሚቀጥለው ዓመትም ታገኘዋለህ።

«ሐሙስ ጧት ቆፍረህ ጨብጠውና ደውልልኝ» አልኩት። ሣቀብኝ፣ አባባን መሰልክ ብሎ።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ደወለ። ድቡልቡል ሆኖ ቀርቷል። ተራውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማሳ ላለው፣ ውኃው ለጠፈፈለት ጎረቤት ለቆለታል፤ የሚቀጥለው የኛ ተራ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በሬ የቀረን አንድ ብቻ ስለሆነ መቀናጆ፣ በሬውን ከኛ በሬ ጋር የሚያጣምር ሰው፣ ፍለጋ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር።