ፕላስተር የያዛት እባብ

እዚህ ቨርጂኒያ የቤት እንስሳት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። የደረሰኝ ደግሞ የተሳቢዎቹ ክፍል ነው። እማዬ ስትደውል "እንስሳት ቤት ነኝ" ብዬ አልፋለሁ። ዝርዝሩ ይቅርባት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል ሰምታ ላደገች ሴት፣ በረዶ የሆነ አይጥ እያሟሟሁ እባብ አበላለሁ አይባልም።

ያን ሰሞን አንድ ደንበኛ መጣ። ልጁ ትንሽ ኮርን ስኔክ ያሳድጋል። ይህች እባብ መርዝ የላትም። አገሯም እዚሁ ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ የቨርጂኒያም ጫካ ውስጥ ትገኛለች። ስትፈለፈል እርሳስ ታክላለች፣ ስታድግ ግን ከአንድ ሜትር ታልፋለች፣ በደንብ ከተያዘች እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። የልጁ ገና አንድ ዓመት ገደማዋ ነው፤ የነበረችበት የፕላስቲክ ሣጥን ጠቧታል። አባትየው ባለ ተንሸራታች መስታወት፣ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት ገዛና "ገጣጥማችሁ፣ እሷንም አስገብታችሁ፣ አሳድራችሁ ስጡኝ" አለ።

የገጣጠመው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። የዚህ ዓይነት ቤት ከኋላው የማሞቂያውና የቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ገመዶቹ ካለፉ በኋላ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ተረፈች። ባልደረባዬ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አምጥቶ ከውጭ በኩል ድርብ አድርጎ ለጠፈባት። እባቧ ገባች፣ መብራት ጠፋ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን።

አዲስ ቤት የገባች እባብ የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ አትተኛም። ግድግዳውን በአፍንጫዋ እየነካካች፣ ጥግ ጥጉን እየገፋች ትዞራለች። ጉልበት የላትም፣ ጊዜ ግን አላት። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ተከትሎ ይሾልካል።

ጠዋት የከፈትኩት እኔ ነኝ። መደበቂያዎቿን አነሳሁ፣ የለችም። ወለሉ ላይ የተነጠፈላትን የእንጨት ፍቅፋቂ በጣቴ አመስኩት፣ የለችም። ወደ ኋላ ስዞር አንድ ስንዝር የሚሆን ነገር ከቀዳዳው ወጥቶ አየሁ። ገመድ ነበር የመሰለኝ። ፕላስተሩን ገፍታ ጫፉን ካስለቀቀች በኋላ ሙጫው አንገቷንና ጎኗን ይዟት ቀርቷል፣ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ባልደረባዬ ደርሶ ፕላስተሩን ሊስብላት እጁን ሲዘረጋ አለቃችን ከበሩ ላይ "እንዳትነካት!" ብላ ጮኸች።

ምክንያቷ ቀላል ነው። የእባብ ቅርፊት ከራስ ወደ ጅራት ነው የተነባበረው። ፕላስተሩን ወደ ጭንቅላቷ ከሳብከው ቅርፊቱን ገልብጦ፣ ከቆዳዋ ጋር ነው የሚመጣው፤ የትንሽ እባብ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። አለቃችን ከሠራተኞች ማብሰያ የወይራ ዘይት አስመጣች። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራ ፕላስተሩና ቆዳው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች፣ ጥቂት ይለቃል፣ እንደገና ጠብ። አፏ አካባቢ ዘይት እንዳይገባባት ጭንቅላቷን በሁለት ጣቷ ደገፍ አድርጋለች። እኔ በመስታወቱ በኩል እጄን አስገብቼ የቀረውን አካሏን በመዳፌ ይዣለሁ፣ ጡንቻዋ እየተኮማተረ ሲለቅ ይሰማኛል፣ ልቤም አብሮ። ሥራው እስኪያልቅ ሱቁ ውስጥ ማንም አልተናገረም ማለት ይቻላል። አንድ ደንበኛ የድመት ምግብ ይዞ ቆሞ ያየን ነበር፣ ሂሳብም አልጠየቀ።

ቆዳዋ አልተቀደደም። የቀረው ሙጫ ቆዳ ስትለውጥ አብሮ ይሄዳል። አለቃችን ወዲያው ለአባትየው ደውላ የሆነውን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረችው፣ ይህን ወድጄላታለሁ። እባቧም ወደ ድሮ ሣጥኗ ተመልሳ፣ ሳትበላ፣ ማንም ሳይነካት እንድትቆይ ተደረገ።

ቤቱን እንደ አዲስ ያዝነው። በገመዶቹ ዙሪያ የአኳሪየም ሲሊኮን ተሞላ፤ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አይነካም። መስታወቶቹ ላይ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት፣ ባለ ጥርስ የመስታወት ቁልፍ ገባ። ማሞቂያው ቀናት ቀድሞ በራ፣ በአንዱ በኩል 30 ዲግሪ፣ በሌላው 24 እስኪረጋ። አዲስ የሆነብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አለቃችን መስታወቱን በካርቶን ሸፈነች፣ ውስጥ የእጅ ባትሪ አበራች፣ የክፍሉን መብራት አጠፋችና "ዙሩና ብርሃን ፈልጉ" አለችን። ቀዳዳው ጋ ጨለማ ነው። ከታች በቀኝ ጥግ ግን የኋላው ሰሌዳ በቦዩ ውስጥ በደንብ ስላልገባ ቀጭን መስመር አበራች። በቀን ብርሃን መቶ ጊዜ ብታየው አታገኘውም። እውነቱን ለመናገር ከፕላስተሩ ይልቅ ያቺ መስመር ናት ያስደነገጠችኝ።

ሌላው ፈጥኖ አለቀ። ትንሽ እባብ ባዶ ሰፊ ቤት ውስጥ ስትገባ ተደብቃ ምግብ ልትተው ስለምትችል ቤቱን በቅርንጫፍና በፕላስቲክ ቅጠል አጨናነቅነው። ከድሮ ሣጥኗም መደበቂያዋንና አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ አመጣን፣ የራሷ ሽታ እንዲኖርበት።

ሊወስዷት ሲመጡ አባትየው ስለ ቁልፉ ጠየቀ፣ ልጁ ደግሞ "በልታለች?" ብቻ ነው ያለው። በልታለች። አለቃችን የመገጣጠሚያ ዋጋ አልቀበልም አለችና ሁለት ቁልፍ አወጣች፣ አንዱን ለአባት፣ አንዱን ለልጅ። አባትየው የልጁንም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።