ከ«አደርጋለሁ» በፊት «አደረገልኝ»፦ መዝሙር ስንመርጥ

ሕግ አጥባቂነት (በጸጋ ፈንታ በራስ ጥረት መደገፍ) በስብከት ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በመዝሙርም ይገባል። የአንድ ወር የመዝሙር ዝርዝራችሁን አውጡና ግሶቹን ቁጠሩ። «አደርጋለሁ፣ እተጋለሁ፣ አልመለስም» የሚለው «ወደደኝ፣ ሞተልኝ፣ ይቅር አለኝ» ከሚለው ከበለጠ፣ ጉባኤው ጸጋን ሳይሆን የራሱን ብርታት እየዘመረ ነው። ቃል መግባት ክፉ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ኋላ ስለሆነ ነው፤ ጳውሎስም በሮሜ 12 «ሰውነታችሁን አቅርቡ» የሚለው በእግዚአብሔር ርኅራኄ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ስለዚህ አራት መዝሙር ካላችሁ፣ ሁለቱ የክርስቶስን ሥራ ይናገሩ፣ አንዱ የኑዛዜ ወይም የሰቆቃ፣ የመጨረሻው የምላሽ፣ ማለትም «አደርጋለሁ» የሚለው ይሁን። ሰቆቃውን አትዝለሉት! መዝሙር 13 «እስከ መቼ» ብሎ ጀምሮ በዝማሬ ነው የሚያልቀው፤ ያዘነውን ሰው ገና ከመግቢያው ደስተኛ ምሰል አይለውም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ መድረኩ ላይ ነው። «እጅ አንሱ! አጨብጭቡ!» ሲደጋገም አሮጌው ሕግ በአዲስ ሕግ ተተካ ማለት ነው። እንባም መለኪያ ይሆናል፤ ያላለቀሰ እንዳልተነካ ይቆጠራል። ከትእዛዙ ይልቅ አንድ ጥቅስ አንብቡ፤ ከዚያ መሣሪያው ሁሉ ለ30 ሰከንድ ዝም ይበል (ለኪቦርድ ተጫዋቹ ረጅም ነው፣ ይልመደው)። የመዝሙሩ ኪ (የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ) ለመሪው ተመችቶ ለጉባኤው ከከበደ ደግሞ ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት።