መብራት ሄዶ ሲመጣ ስዊቹ ሁሉንም ረሳ
ሰኞ ጠዋት ከሂሳብ ክፍል "ኢንተርኔት የለም" ተብሎ ተደወለልኝ። ወጥቼ ሳይ የኮምፒውተሮቹ አይፒ (በኔትወርኩ ላይ ያላቸው አድራሻ) በ192.168 ይጀምራል፣ የእኛ ግን በ10.10 ነው። ማን ሰጣቸው? ጠረጴዛ ስር ጎንበስ ስል ከቤት የመጣች የዋይፋይ ራውተር አገኘሁ፤ በላን ፖርቷ ተሰክታ ለፎቁ ሁሉ አይፒ ታድላለች። ባለቤቷ "ስልኬ ዋይፋይ እንዲይዝ ብዬ እኮ ነው ወንድሜ" አለኝ። ምን ይባላል።

ነቅዬ ብሄድ ነገ ሌላው ያመጣል። ስለዚህ ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ሲስኮ ስዊቾቻችን (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኙት ሳጥኖች) ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ፣ ማለትም ማን አይፒ እንደሚያድል የሚቆጣጠረውን መከላከያ፣ አበራሁ። ወደ እውነተኛው አይፒ አዳይ የሚወስደውን ፖርት ብቻ ትረስት (የታመነ) ታደርጋለህ፣ ከሌላ ፖርት "እኔ አይፒ ልስጥ" የሚል ከመጣ ስዊቹ ይጥለዋል። አበራሁት፣ ጭራሽ ማንም አይፒ አጣ! ለካ ስዊቹ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ኦፕሽን 82 የሚባል፣ ጥያቄው ከየትኛው ፖርት እንደመጣ የሚናገር መረጃ ይጨምራል፣ አይፒ የሚያድለው ራውተራችን ደግሞ የሪሌይ (ጥያቄ አስተላላፊ መሣሪያ) አድራሻ ሳይኖር ይህን የያዘ ጥያቄ ሲደርሰው አይቀበልም። እንዳይጨምር አደረግኩት፣ ተፈታ።

ስኑፒንግ የትኛው ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የፋብሪካ መለያ) በየትኛው ፖርት የትኛውን አይፒ እንደወሰደ ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው መዝገቡ የማያውቀውን አድራሻ የሚያግዱትን አይፒ ሶርስ ጋርድና ኤአርፒ ኢንስፔክሽን ጨመርኩ፤ የሌላ ሰው አይፒ በእጁ ሞልቶ መግባት ቀረ። ፕሪንተሮችና ካሜራዎችም ግን አብረው ጸጥ አሉ፣ አይፒያቸው በእጅ የተሞላ ስለሆነ መዝገቡ ላይ የሉም። ማክ አድራሻቸውን ከጀርባቸው እያነበብኩ አንድ በአንድ አስገባሁ። ይሄን ማብራት ከመጀመሬ በፊት ነበር መሥራት የነበረብኝ።

በሳምንቱ መብራት ሄደ። የዋናው ስዊች ዩፒኤስ ባትሪ ሞቷል፣ ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ መዝገቡ ባዶ ሆነ። አብዛኛው ኮምፒውተር አዲስ አይፒ ጠይቆ ተመለሰ። ሂሳብ ክፍል ግን የራሱ ዩፒኤስና ትንሽ ስዊች አለው፣ እዚያ ምንም አልጠፋም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ የድሮ አይፒያቸውን ይዘው ቀጠሉ፣ ዋናው ስዊች ደግሞ አላውቃችሁም አለ። ሊዛችን (አንድ አይፒ የሚሰጥበት ጊዜ) የአንድ ቀን ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 12 ሰዓታት፣ እስኪያልፍ ድረስ እድሳት አይጠይቁም። ዞሬ በእጄ አሳደስኩላቸው።

አሁን መዝገቡ ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ማከማቻ) ላይ ይቀመጣል። ግን ሰዓትም ያስፈልጋል፤ ስዊቹ ከመብራት በኋላ ሲነሳ ቀኑ 1993 ይላል (በፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1985!)፣ በዚህ ቀን የሊዝ ማብቂያ ማስላት አይቻልም፣ ስለዚህ ኤንቲፒ (ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክል) አስገባሁ። የዩፒኤሱን ባትሪ ግን እስካሁን አልገዙልኝም።