ሰይፋቸውን አስቀድመው አስለዋል

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ስለነበረው የማንቸስተርና ሳልፎርድ የበጎ ፈቃድ ፈረሰኛ ጦርና በ1819 በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ስለፈጸመው ግድያ ሳነብ ዋልኩ፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1817 የተቋቋመው የሠራተኛውን ተቃውሞ ለመግታት ነበር። ፈረሰኞቹ መደበኛ ወታደሮች ሳይሆኑ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ባለቤቶችና የመጠጥ ቤት ባለንብረቶች ናቸው። ከሰልፉ አስቀድመው ሰይፋቸውን አስለው ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ለማስፈራራት ብቻ የሚወጣ ሰው ሰይፍ አያስልም!

ኦገስት 16 ቀን 1819 ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የምርጫ መብት ሊጠይቅ በማንቸስተር ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ተሰበሰበ። ብዙዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ፈረሰኞቹ ገና ወደ ሜዳው ሲጋልቡ አንዱ የሁለት ዓመቱን ዊሊያም ፊልድስን ከእናቱ እቅፍ አስጥሎ ለሞት ዳረገው። ተናጋሪውን ሄንሪ ሀንትን ለማስያዝ ሕዝቡ መሃል ገቡ፤ ከዚያም ያገኙትን ሁሉ በሰይፍ ይመቱ ጀመር። መደበኛ ፈረሰኛ ጦርም ተከትሎ ገባ። ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ።

መንግሥት ግን ፈረሰኞቹን ያዘዙትን የአካባቢውን ዳኞች አመሰገነ። በ1822 አንድ ቁስለኛ አራት የጦሩን አባላት ቢከስስም ፍርዱ ለተከሳሾቹ ሆነ። ጦሩ በ1824 ፈረሰ። መፍረሱን እንደ ቅጣት መቁጠር አልችልም፤ ለዚያች ቀን ከፈረሰኞቹ አንድም ሰው አልታሰረም።